ደንበኛ ደራሲ ፍለጋ

«ኦሮማይ»ን የጨረስኩት ቃሊቲ ላይ፣ አውቶብስ ውስጥ ቆሜ ነው። መንገዱ ተዘጋግቷል። የመጨረሻውን ገጽ አንብቤ መጽሐፉን ስዘጋ ከፊታችን እስከ ቱሉ ዲምቱ የተቀጣጠለ መኪና ነበር። የቀረውን መንገድ ከፊቴ የቆመውን ሰውዬ ትከሻ እያየሁ ፈጀሁት። የከፋኝ ግን መጨናነቁ አልነበረም። በዓሉ ግርማ አልቆብኝ ነው።

ስድስት ልብ ወለድ ነው የጻፈው። «ከአድማስ ባሻገር» በ1962 ወጣ፣ «ኦሮማይ» በ1975። በመሀል አራት አሉ። ሁሉንም በሰባት ወር ውስጥ አውቶብስ ላይ አነበብኳቸው። ሰባተኛ የለም። «ኦሮማይ» ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 አንድ ምሽት ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መኪናው እዚሁ ቃሊቲ መንገድ ላይ ቆማ ተገኘች ይባላል። ያን ቀን ቤት ገብቼ እራት አልበላሁም ብል ውሸት ነው፤ በላሁ። ግን ከማንም ጋር አላወራሁም።

ይህን የምጽፈው የሚወዱት ደራሲ አልቆባቸው ቀጥሎ ማንን እንደሚይዙ ግራ ለገባቸው ነው። እኔ መላ እስካገኝ ብዙ ብርና ብዙ ጠዋት አባክኛለሁ።

የተወለድኩትም ያደግኩትም አራት ኪሎ ነው። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲደርሰን ቱሉ ዲምቱ ገባን። ሥራዬ ስታዲየም አካባቢ ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሰልፍ እይዛለሁ። ቀኑ ከቀና አንድ ሰዓት፣ ካልቀና ሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ነኝ። መመለሻውም ያው ነው። ድሮ ስልክ እነካካ ነበር። አንዱ በመስኮት እጁን ሰዶ መንትፎኝ ከሄደ ወዲህ ተውኩት። መጽሐፍ የሚመነትፍ ሌባ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ቢያጋጥመኝ ደግሞ ሻይ እጋብዘው ነበር።

ደንበኛ ምን እንደሆነ ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት የለብኝም። ቅቤ የምትገዙት ከደንበኛችሁ ነው። ሥጋም እንደዚያው። ደንበኛ ሁልጊዜ ምርጡን አይሰጣችሁም። አንዳንዴም ይሸውዳችኋል። ግን ታውቁታላችሁ። ሚዛኑን ታውቃላችሁ፣ ጠባዩን ታውቃላችሁ፣ ነገም እዚያው ታገኙታላችሁ። በየቀኑ ሦስት አራት ሰዓት መንገድ ላይ የሚያሳልፍ አንባቢም የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ደራሲ ነው። አንድ ግሩም መጽሐፍ ጽፎ ዝም ያለ አይሆንለትም። አንዱን ሲጨርስ ሌላው መደርደሪያ ላይ የሚጠብቀው ይፈልጋል።

ይህንን ግን ያኔ አላወቅኩትም። ስለዚህ በመጀመሪያ የሠራሁት ሥራ ጥሩ መጽሐፍ ፍለጋ ነው። ቴሌግራም ላይ «የግድ ሊነበብ የሚገባው» የተባለ ሁሉ ገዛሁ። በሽፋን ገዛሁ። አዟሪው «እህቴ፣ ይሄ አሁን ፋሽን ነው» ስላለኝ ገዛሁ። ከአምስቱ አራቱን ሳሪስ ሳልደርስ ዘጋኋቸው። አምስተኛው ይዞኝ ነበር። እሱ ደግሞ ከገጽ 96 ቀጥሎ ገጽ 113 መጣ። አንዲት ሴት በሩን ልትከፍት ስትነሳ ትቻት፣ ገጹን ስገልጥ ለቅሶ ቤት ተቀምጣለች። ማን እንደሞተ ዛሬም አላውቅም። ሻጩ ዘንድ ብመለስ «እኔ አላተምኩት» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አላተመውም።

ቴሌግራም ላይ በፒዲኤፍ የሚዞሩትንም ሞክሬያለሁ፣ አልዋሽም። ዓይኔን ከማድከሙ በላይ አንድ ነገር ከነከነኝ። ደራሲው በሕይወት ያለ ሰው ነው። መጽሐፉን በነፃ እያነበብኩ «ምነው ሌላ አልጻፈም» ብዬ የምቆጭ እኔው ነኝ።

መላው የመጣው ከጎረቤት ነው። በብሎካችን ግራውንድ ላይ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ይኖራሉ። ጠዋት ጠዋት በረንዳቸው ላይ ሬዲዮናቸውን ከፍተው ይቀመጣሉ። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ሰፈሩ እንዴት ጭጭ ይል እንደነበር ሲያወሩ ይመሽባቸዋል። አንድ ቅዳሜ ባዶ እጄን አዩኝ።

«ልጄ፣ ዛሬስ መጽሐፍሽ?»

«ተውኩት ጋሼ። በዓሉን ጨረስኩ፣ ከዚያ ወዲህ የሚይዘኝ አጣሁ።»

«"ደራሲው"ንም አንብበሻል?»

«አንብቤያለሁ።»

«ሲራክ ማነው?»

«እንዴት ማነው? የመጽሐፉ ሰው ነዋ።»

ሳቁብኝ። «ሲራክ እኮ ስብሐት ነው። ሰውዬውን ከወደድሽው እሱ ራሱ የጻፈውን አታነቢም?»

እኔ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን በስም ነበር የማውቀው። ጢሙን በፎቶ አውቃለሁ። ባለጌ ነገር ይጽፋል ሲባልም ሰምቻለሁ። በዓሉ «ደራሲው» ውስጥ ያስቀመጠው ሰው እሱን መሠረት ያደረገ መሆኑን ግን አላወቅኩም። ሰባት ወር ሙሉ በዓሉን ሳነብ ቀጣዩ ደራሲዬ እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኝ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መጽሐፍ ፍለጋ ትቼ ክር ፍለጋ ገባሁ። የምትወዱት ደራሲ ብቻውን የኖረ ሰው አይደለም። ጓደኛ ነበረው። ስለ ጓደኛው ጽፏል፣ ወይም ጓደኛው ስለ እሱ ጽፏል። ያንን ክር መያዝ ነው።

ጋሼ መጽሐፍ ያውሳሉ፤ ውሰታቸው ግን ሕግ አለው። ባለ ካሬ ደብተር አላቸው። ስም፣ ቀን፣ ፊርማ። አንዱን ሳትመልሱ ሁለተኛ የለም። መጀመሪያ የሰጡኝ «አምስት ስድስት ሰባት»ን ነው። አጫጭር ታሪኮች ናቸው። «ለምን ከትልቁ አልጀምርም?» ብላቸው «ሰውን መጀመሪያ ቡና ላይ ነው የምታውቂው፤ አብረሽ ቤት አትከራዪም» አሉኝ። ልክ ነበሩ። አንዱን ታሪክ ከቱሉ ዲምቱ ተነስቼ ቃሊቲ ሳልደርስ እጨርሰዋለሁ። ስብሐት ሲያወራ እንጂ ሲጽፍ አይመስልም። አረፍተ ነገሩ አይሽሞነሞንም። የማትወዱት ነገር ሲናገር እንኳ ድምፁን ትወዱታላችሁ።

ከዚያ «ትኩሳት»ን ቀጠልኩ። ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ ስላሉ ተማሪዎች ነው፤ እሱም እዚያ ተምሯል። ለእኔ መሀሉ ላይ ረዘም ብሎብኛል። «ሌቱም አይነጋልኝ» ግን የውቤ በረሃ፣ የድሮው የአዲስ አበባ የመሸታ ሰፈር፣ ሌሊት ነው። ሳይታተም ብዙ ዓመት የቆየበት ምክንያት ገና በመጀመሪያዎቹ ገጾች ይገባችኋል። አውቶብስ ላይ የምታነቡት ከሆነ በጋዜጣ ሸፍኑት። እኔ አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጡ እናት አብረውኝ ሲያነቡ ያዝኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና «ጎበዝ፣ ተማሪ» አሉኝ። እስካሁን ያሾፉ ይሁን የምራቸውን ይሁን አላወቅኩም።

ስብሐት በ2004 ነው የሞተው። እሱም ያልቃል ብዬ ስሰጋ ክሩ ሌላ ቦታ ወሰደኝ። ስለ እሱ የተጻፉ መጻሕፍት አሉ። ዘነበ ወላ «ማስታወሻ» የሚል ጽፎበታል። ከስብሐት ጋር የተቀመጣችሁ ያህል ያወራችኋል። ዘነበ ደግሞ «ልጅነት» የሚል የራሱ ሥራ አለው። አለማየሁ ገላጋይም ስለ ስብሐት ሕይወትና ክህሎት ጽፏል። የአለማየሁን ሳነብ ከስብሐት ይልቅ ጸሐፊው ራሱ ሳበኝ። ይሄ ሰውዬ ልብ ወለድ ይጽፋል እንዴ ብዬ ጠየቅኩ።

ይጽፋል! ደንበኛዬን አገኘሁ።

«አጥቢያ»ን ያነበብኩት በሁለት ቀን ነው። የአራት ኪሎ ሰፈር ኑሮ ነው ውስጡ ያለው። የጓዳው ጭስ፣ የአጥሩ ቆርቆሮ፣ የሰዉ ስድብ ሳይቀር። እኔ አሁን የምኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በመስኮቴ የሚታየኝ ሌላ ብሎክ፣ ከዚያ ሌላ ብሎክ፣ ከዚያ ወዲያ የጤፍ ማሳ ነው። አንድ ደራሲ ያደግኩበትን ሰፈር ወስዶ አውቶብስ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። ከዚያ «ቅበላ»ን፣ ከዚያ «ወሪሳ»ን አነበብኩ። ከዚያ ሦስቱን ስሞች፦ «በፍቅር ስም»፣ «ታለ በዕውነት ስም»፣ «ሐሰተኛው በእምነት ስም»። ሌላም አለው፤ በጠቅላላው ከአሥር በላይ ነው። አንዳንዴ ቋንቋው ላይ ይጫወትና ታሪኩን ያስጠብቀኛል። ደንበኛዬ ነውና እጠብቀዋለሁ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልንገራችሁ። መጽሐፍ ስትገዙ መጀመሪያ ሽፋኑን አትዩ። ውስጥ «በደራሲው ከዚህ በፊት የታተሙ» የሚል ገጽ ካለ እሱን እዩ። ዝርዝሩ ሁለት መስመር ከሆነ ውብ ምሽት ታገኛላችሁ። አሥር መስመር ከሆነ ክረምት ይወጣላችኋል። ዳኛቸው ወርቁን ሳነብ የደረሰብኝን አልረሳውም። «አደፍርስ» 1962 ላይ የወጣ ነው። እያንዳንዱ ገጽ ድንጋይ እንደ መፍለጥ ነው፤ ሲፈለጥ ግን ያበራል። ጨርሼ «ቀጣዩስ?» ብዬ ጋሼ ዘንድ ሮጥኩ። «በአማርኛ ረጅም ልብ ወለዱ እሱ ነው ልጄ» አሉኝ። ሌላውን ልብ ወለድ የጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። እንዲህ ያለውን ማንበብ አይቅርባችሁ፤ ግን ደንበኛ አታድርጉት፣ ልብ ይሰብራል።

አዳም ረታ ላይ የሠራሁት ስህተት ለብቻው ይወራለት። ሁሉም ሰው «አዳምን ካላነበብሽ» ይለኛል። እሺ ብዬ «መረቅ»ን ገዛሁ። ለምን እሱን? ወፍራም ነው፤ ብዙ ጊዜ ያቆየኛል ብዬ ነዋ። ቆሜ፣ በአንድ እጄ ብረት ይዤ፣ በሌላ እጄ ያንን የሚያህል መጽሐፍ ዘርግቼ። ሳሪስ ላይ እጄ ዛለ፣ ጎተራ ላይ አእምሮዬ። ሰዎቹ መጡብኝ፣ ሄዱብኝ። ዘግቼ ፍሪጅ ላይ አስቀመጥኩት። ለአንድ ዓመት ያህል «አዳም ይከብዳል» እያልኩ አስወራሁበት።

ጋሼ ሲሰሙ ተቆጡ። «በጓሮ ገብተሽ ሳሎኑን አጣሁት ትያለሽ» አሉኝና «ማህሌት»ን አወጡ። በ1981 የወጣ የአጫጭር ታሪኮች መድበል ነው። በሩ እሱ ነበር። አዳም ሰው ረስቶ የጣለውን ዕቃ ያነሳል። የልጅነት ከረሜላ፣ የሱቅ ሽታ፣ የወጥ ቀለም። ከዚያ «ግራጫ ቃጭሎች»ን (1997) ቀጠልኩ። መዝገቡ የሚባል ልጅ አለ። ይህን ልጅ ካወቅኩ በኋላ አውቶብስ ውስጥ ዝም ብሎ በመስኮት የሚያይ ጎረምሳ ሁሉ መዝገቡ ይመስለኝ ጀመር።

አጻጻፉን ራሱ አዳም «ሕጽናዊነት» ይለዋል። ምሳሌው እንጀራ ነው። ዓይኖቹን አስቧቸው፦ እያንዳንዱ ለብቻው ዓይን ነው፣ ግን ሁሉም አንድ እንጀራ ላይ ናቸው። ታሪኮቹም እንደዚያ ናቸው። እዚህ ያለፈ ሰው እዚያ ብቅ ይላል። ገጽ ግርጌ ላይ ያለችው ማስታወሻ ራሷ ታሪክ ትሆናለች። ይህ ከገባኝ በኋላ «አለንጋና ምስር»ን አነበብኩ። ከዚያ ፍሪጅ ላይ ያለውን «መረቅ» አወረድኩት። ያው መጽሐፍ ነው፣ ያው እኔ ነኝ። በዚህ ጊዜ ግን ቤት ውስጥ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ቁጭ ብዬ ነው። አዳም የቆመ ሰው ደራሲ አይደለም። ወንበር ይፈልጋል። እነ «የስንብት ቀለማት» እና «አፍ» ገና ይጠብቁኛል፤ እነሱን ለክረምት አስቀምጫቸዋለሁ።

ስለዚህ አንድ ደራሲ አልይዝ ሲላችሁ ከመጣላታችሁ በፊት ሁለት ነገር ለውጡ። የጀመራችሁበትን መጽሐፍና የምታነቡበትን ቦታ። እኔ አሁን ሁለት መጽሐፍ ነው የምይዘው፤ የአውቶብስና የቤት። ለአዲስ ደራሲ ደግሞ ሠላሳ ገጽ እሰጣለሁ። ሠላሳ ገጽ ለእኔ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ሳሪስ ነው። በሠላሳኛው ገጽ ታሪኩ ባይገባኝም ችግር የለም። የሰውዬውን ድምፅ ደግሜ መስማት ካላማረኝ ግን ይወርዳል።

ሁለት ደራሲ ለመለየት የሚረዳ ሌላ ዘዴ አለ፤ ይሄኛው የራሴ ግኝት ነው፣ ጋሼም አድንቀውኛል። ሁለቱም የጻፉበትን አንድ ጉዳይ ፈልጉ። እኔ አጤ ቴዎድሮስን ያዝኩ። አቤ ጉበኛ «አንድ ለእናቱ»ን ጽፏል። ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ»ን ጽፏል። ንጉሡ አንድ ናቸው፣ መቅደላም አንድ ናት፣ መጨረሻውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ታሪኩ አዲስ ስላልሆነ የሚቀረው የደራሲው እጅ ብቻ ነው። አቤ ይቆጣል፣ ይመክራል፣ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ብርሃኑ ጋዜጠኛ ነው፤ የአዲስ ዘመን አዘጋጅ ነበር። አረፍተ ነገሩን አጠር አድርጎ ይቆርጠዋል። ለአውቶብስ የተፈጠረ ጽሑፍ ነው። አንዱን አረፍተ ነገር ሳይጨርስ ፍሬን አያስደነግጣችሁም።

አባቴ ግን የአቤ ሰው ነው። «አልወለድም»ን ለማንበብ ተደብቀው ይዋዋሱ እንደነበር ይነግረኛል። በ1955 የወጣ፣ በመንግሥት የታገደ መጽሐፍ ነው። በማህፀን ያለ ጽንስ አልወለድም ብሎ የሚሟገትበት። አቤ በብዕሩ ብቻ ለመኖር የሞከረ ሰው ነው፤ ብዙ መጽሐፍ አለው። ቁጣ የምትወዱ ከሆነ ሂዱለት። እኔ ጠዋት ጠዋት ከረዳቱ ጋር የምቆጣው ይበቃኛል።

ለብርሃኑ «የታንጉት ምስጢር» ጥሩ በር ነው። ከዚያ «ማዕበል» ይመጣል፣ ሦስት ክፍል ያለው። የመጀመሪያው የአብዮቱ ዋዜማ ነው፤ የወሎ ረሃብ አለበት። ሁለተኛው መባቻው፣ ሦስተኛው ማግስቱ ነው። ተከታታይ ሲሆን ሦስቱም መኖራቸውን ሳታረጋግጡ እንዳትጀምሩ። ምክንያቱን በኋላ እነግራችኋለሁ።

አዲስ ደራሲ ስል አዲስ ስም ማለቴ ብቻ አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁን ሁሉም ያውቃቸዋል። በዛብህና ሰብለ ወንጌልን የማያውቅ የለም። ግን «ወንጀለኛው ዳኛ»ን ያነበበ ሰው ስንት ታውቃላችሁ? «የልም እዣት»ንስ? በ1958 በወጣው መጽሐፍ ስናለቅስ፣ በ1974 እና በ1980 የወጡት መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣሉ። እኔ ራሴ ጋሼ ሳይነግሩኝ በፊት አንድ መጽሐፍ ብቻ ያላቸው ይመስለኝ ነበር። በነገራችን ላይ «ወንጀለኛው ዳኛ» እንደ ፊተኛው አያስለቅስም። ያናድዳል። ሕግ ያለበት ቦታ ሥራ ላለው ሰው በተለይ።

ሴት ደራሲዎችን ዘግይቼ ነው የፈለግኩት፤ በዚህ አፍራለሁ። የፀሐይ መላኩ «ቋሳ» እና «አንጉዝ» አሉ። «ቢስራሔል» እና «እመ ጓል»ም የእሷ ናቸው። ሕይወት ተፈራ በትዝታዋ ነው በብዙዎች ዘንድ የምትታወቀው፣ በ«ማማ በሰማይ»። «ምንትዋብ» ግን ልብ ወለድ ነው፤ ጎንደር ቤተ መንግሥት ያስገባችኋል። ራቅ ያለ አገር የሚያምራችሁ ደግሞ ፍቅረማርቆስ ደስታን ያዙ። «ከቡስካ በስተጀርባ» ሐመር ይወስዳችኋል፣ «ኢቫንጋዲ» እዚያው ያቆያችኋል። ታናሽ ወንድሜ ማንበብ የጀመረው በይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ነው። በአንድ ሌሊት ጨርሶ ጠዋት «ራማቶሓራ»ን አምጪ ብሎ አስጨነቀኝ። ቀጥሎ «ዣንቶዣራ»ን። ለእኔ ሩጫው ይበዛብኛል። ግን መጽሐፍ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ሌሊት ሲያነብ ካደረ ምን ቤት ነኝ እኔ።

መጽሐፍ ከየት? እኛ ዳር ያለን ሰዎች እዚህ ጋ እንቸገራለን። ቱሉ ዲምቱ ላይ ጽሕፈት መሣሪያ ቤት ሞልቷል፤ ደብተርና የመማሪያ መጽሐፍ ነው የሚሸጡት። እኔ ደሞዝ ስቀበል ከስታዲየም በእግሬ ወደ ለገሃርና ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ እወርዳለሁ። አሮጌ መጻሕፍት እዚያ አይጠፉም። ከአዟሪ ስትገዙ ሳታፍሩ ቆማችሁ ገጹን ቁጠሩ። በየአሥራ ስድስት ገጹ ገለጥ አድርጋችሁ ቁጥሩ መቀጠሉን እዩ፤ የሚጎድለው እንደ እኔው በጥራዝ ነው። አንዳንድ ደራሲዎች ውስጥ ገጽ ላይ ፊርማ ወይም ማኅተም ያደርጋሉ። ሕትመቱ የደበዘዘ፣ ፎቶ ኮፒ የመሰለ ከሆነ ተዉት።

ከገበያ የጠፋ መጽሐፍ ከሆነ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሂዱ፤ ትልልቆች ዛሬም ወመዘክር የሚሉት። ከ1936 ጀምሮ ያለ ነው። አገር ውስጥ የሚታተም መጽሐፍ ቅጂ ለእሱ እንዲሰጥ በሕግ ተደንግጓል። እኔ ዓመት ፈቃዴ ላይ ሁለት ቀን ሄጄ የበዓሉን «የህሊና ደወል» እና «ሐዲስ»ን ጎን ለጎን አነበብኩ። የመጀመሪያው 1966 ላይ ወጣ፤ በኋላ አስፍቶት በ1975 «ሐዲስ» አደረገው። አንድ ደራሲ የራሱን መጽሐፍ ደግሞ ሲጽፍ ምን እንደጨመረ ማየት ሰባተኛ መጽሐፍ የማግኘት ያህል ነው። አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ለመቀመጫ ጥሩ ነው። ለእኔ ግን እዚያ ማንበብ ከባድ ነው፤ ሰፈሬ ስለሆነ በየገጹ ቀና እላለሁ።

አሁን «ማዕበል» ላይ ነኝ። ሁለተኛው ክፍል ሠላሳ ገጽ ያህል ቀርቶኛል፤ የነገ ጠዋት መንገድ ነው። ዛሬ ማታ ሦስተኛውን ልዋስ ግራውንድ ወረድኩ። ጋሼ ደብተራቸውን ገለጡ። መነጽራቸውን አስተካከሉ። ጣታቸው አንድ ስም ላይ ቆመ። ከሁለት ዓመት በፊት ለአንድ የሰባተኛ ብሎክ ሰው አውሰውታል። ፊርማ አለው፣ ቀን አለው። ሰውዬው ኮዬ ፈጬ ገብቷል።

«ስልኩስ ጋሼ?»

«አይሠራም።»

«ታዲያ?»

ደብተሩን አጠፉና ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። «ቅዳሜ ሥራ አለሽ?»

የለኝም። በሦስት ሰዓት ታክሲ ተራ ልንገናኝ ተቀጣጥረናል። የብሎክ ቁጥሩን አያውቁም፤ ሰውዬውን ግን ባየው አውቀዋለሁ ብለዋል።